ታወሩ ቆሟል፣ የአጎቴ ጤፍ ግን በድሮው መንገድ ይሸጣል

ጥያቄ፦ «ሰላም። ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ 3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። መምህራችን የፈጣን ኢንተርኔት ተጠቃሚዎች ድርሻ በ10 የመቶኛ ነጥብ ሲጨምር የታዳጊ አገር ዕድገት በ1.38 የመቶኛ ነጥብ ከፍ ይላል የሚል ጥናት አስተምሮናል። አጎቴ ደጀን አካባቢ ጤፍ ያርሳል። ሰፈሩ ታወር ከቆመ ቆየ፣ እሱም ስልክ ከያዘ ዓመታት አልፈዋል። ኑሮው ግን ያው ነው። እውነት ኢንተርኔትና ቴሌኮም ኢኮኖሚ ያሳድጋሉ? ወይስ አገሩ ስላደገ ነው ኢንተርኔት የሚኖረው?»

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቅሽው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ስለ መምህርሽ ቁጥር ነው፣ ሌላው ስለ አጎትሽ። ቁጥሩን ቶሎ ልጨርሰውና ወደ አጎትሽ ልምጣ፤ ዋናው ትምህርት ያለው እሳቸው ጋ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

1.38 የሚለው ቁጥር የዓለም ባንክ ባለሙያዎች በ2009 ያወጡት ነው። የ120 አገሮችን መረጃ ከ1980 እስከ 2006 ወስደው አሰሉት። ከዚያ ወዲህ በየስብሰባው ስላይድ ላይ ሲዞር ይኖራል። እኔም በወጣትነቴ ተጠቅሜበታለሁ፣ አልዋሽሽም። ግን እስቲ አስቢው። በእነዚያ ዓመታት ታዳጊ አገር ውስጥ ፈጣን ኢንተርኔት የነበረው ስንት ሰው ነው? ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። ደግሞም ኢንተርኔት ቶሎ የሚያስፋፋ መንግሥት መንገድም ይሠራል፣ ትምህርት ቤትም ይከፍታል፣ ባለሀብትም ይጋብዛል። ታዲያ ዕድገቱ የየትኛው ውጤት ነው? ሀብታም ቤት ትልቅ ቴሌቪዥን ይኖራል፤ ሀብታም የሆኑት ግን ቴሌቪዥኑን ስለገዙ አይደለም። ስለዚህ ጥርጣሬሽ ልክ ነው። ቁጥሩን ፈተና ላይ ጻፊው፣ አገር ግን እንዳትመሪበት።

ታዲያ በምን ይታወቃል? የኛ ሙያ ሰዎች እንዲህ ሲቸግራቸው አጋጣሚ ይፈልጋሉ። ኢንተርኔቱ አንዱ ከተማ ገብቶ ጎረቤቱ ጋ ያልገባበት፣ ልዩነቱም ከከተሞቹ ሀብት ጋር የማይገናኝበት አጋጣሚ። ለአፍሪካ ይህ አጋጣሚ የመጣው ከባሕር ነው።

እስከ 2009 ድረስ ምሥራቅ አፍሪካ ከተቀረው ዓለም ጋር የሚገናኘው በአብዛኛው በሳተላይት ነበር። ሳተላይት ቀርፋፋ ነው፣ ዋጋውም አይቀመስም። በ2009 ሲኮም የሚባለው የባሕር ሥር ገመድ ገባ፣ በ2010 ኢሲ የሚባለው ተከተለ። ገመዱ ባሕር ዳር ሲደርስ ግን ለሁሉም እኩል አልደረሰም። ቀድሞ የየብስ የፋይበር ገመድ ያለፈበት ከተማ ፍጥነቱን ወዲያው አገኘ። ፋይበሩ ትንሽ ራቅ ብሎ ያለፈው ከተማ እጁን አጣጥፎ ቀረ። ዮናስ ዮርትና ዮናስ ፖልሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች (ስማቸው የአዲስ አበባ ልጆች ያስመስላቸዋል፣ ግን አይደሉም) በ12 የአፍሪካ አገሮች እነዚህን ሁለት ዓይነት ቦታዎች፣ ገመዱ ከመግባቱ በፊትና በኋላ አነጻጽረው ውጤቱን በ2019 አሳተሙ። ፍጥነቱ በደረሰበት ቦታ ሥራ ያለው ሰው ድርሻ በግልጽ ጨምሯል። የጨመረው በዋናነት ሙያ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ብዙ ያልተማሩትም ቢሆኑ ከሥራ ዕድሉ ተቋድሰዋል።

ጥናቱ ውስጥ የኢትዮጵያም መረጃ አለ። የአምራች ፋብሪካዎችን መዝገብ ሲያዩ፣ ኢንተርኔቱ የደረሳቸው ፋብሪካዎች ምርታማነት ጨምሮ ተገኝቷል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ደግሞ አዳዲስ ድርጅቶች በብዛት ተከፍተዋል። እኛ የባሕር በር ስለሌለን ገመዱ ራሱ የሚደርሰን በጅቡቲ፣ በኬንያና በሱዳን በኩል ዞሮ ነው። እንዲያም ሆኖ ውጤቱ ታይቷል።

እንግዲህ የመጀመሪያው መልሴ «አዎ፣ ያሳድጋል» ነው። ግን የት እንዳሳደገ ልብ በይ። ፋብሪካ ውስጥ፣ ቢሮ ውስጥ፣ ከተማ ውስጥ ነው። ለውጭ ገዢ በኢሜይል ናሙና የሚልክ ላኪ፣ ማሽኑ ሲበላሽ መላውን ከኢንተርኔት የሚፈልግ መካኒክ፣ ሠራተኛውን በቪዲዮ የሚያሠለጥን ድርጅት። ደጀን ያለ የጤፍ ማሳ እዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም።

አሁን ወደ አጎትሽ። ከእሳቸው በፊት ግን ሕንድ ደርሰን እንመለስ።

በ1997 አንድ ማለዳ፣ ኬረላ በሚባለው የሕንድ ግዛት፣ ባዳጋራ ባሕር ዳርቻ፣ 11 ዓሣ አጥማጆች ገዢ አጥተው ዓሣቸውን ደፉት። በዚያው ማለዳ፣ 15 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ባሉ ሌሎች ገበያዎች፣ 27 ገዢዎች ዓሣ አጥተው ቆመው ነበር። አንዱ ይደፋል፣ ሌላው ባዶ እጁን ይመለሳል። ከዚያ እስከ 2001 ባለው ጊዜ ሞባይል ዳርቻውን እየተከተለ ገባ። አጥማጁ ገና ጀልባው ላይ እያለ ይደውላል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ መሪውን ወደተሻለው ገበያ ያዞራል። ሮበርት ጄንሰን የተባለው ተመራማሪ ይህን በየሳምንቱ ሲመዘግብ ነበር። ዓሣ መድፋት ቀረ ማለት ይቻላል። የአጥማጁ ትርፍ በ8 በመቶ ገደማ ጨመረ፣ በላተኛው የሚከፍለው ደግሞ በ4 በመቶ ቀነሰ። አንዱ ሲያተርፍ ሌላው ያልከሰረበት ብርቅ ታሪክ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ «በቃ፣ ለገበሬው ስልክ ይድረሰው እንጂ ሌላው በራሱ ይስተካከላል» አለ።

አልተስተካከለም። ለምን እንደሆነ የአጎትሽን ጤፍ ከሕንዱ ዓሣ ጎን አስቀምጠሽ እይው።

አጥማጁ ጀልባ አለው። ዋጋ ሲሰማ መሪውን ማዞር ብቻ ነው የሚቀረው። አጎትሽ ዛሬ አዲስ አበባ እህል በረንዳ ገበያ ጤፍ ስንት እንደገባ በስልክ ቢሰሙስ? ለሁለት ኩንታል አይሱዙ አይከራዩም። አባይ በረሃን ወርደው፣ ወጥተው፣ ኬላውን አልፈው፣ አዲስ አበባ ላይ ለማያውቁት ደላላ እጅ ሊሰጡ ነው? ዋጋውን ያውቁታል፣ ዋጋው ጋ ግን አይደርሱም።

ዕቃው ራሱም ይለያያል። ሰርዲን ዓሣ ሰርዲን ነው፣ በስልክ ሲጠሩት ይገባል። ጤፍ ግን ማኛ ነው? ነጭ ነው? ሰርገኛ ነው? በደንብ ተበጥሯል ወይስ አፈር አለበት? ይህን ገዢው እፍኝ ዘግኖ፣ መዳፉ ላይ ዘርግቶ፣ እፍ ብሎ ካላየ አይነግርሽም። ስለዚህ በስልክ የተነገረው ዋጋ የእሳቸው ጤፍ ዋጋ ላይሆን ይችላል። ነጋዴው «እሱማ የማኛ ዋጋ ነው» ካላቸው ክርክሩ እዚያው አለቀ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ዕዳው ነው። በብዙ መንደር በሰኔ ለማዳበሪያ፣ በመስከረም ለልጆች ደብተር ብር ያበደረው ሰው ራሱ ነው በጥር እህል የሚገዛው። እሱን ትቶ ለሌላ መሸጥ የሚቀጥለውን ዓመት ብድር ማጣት ነው። ዋጋ ማወቅ የሚጠቅመው እምቢ ማለት ለሚችል ሰው ነው።

ይህን ከራሴ አላመጣሁትም ብል ግማሹ እውነት ነው። ዕዳውን በአገር ቤት ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። የቀረውን ግን ጌታው ታደሰና ጎድፍሬይ ባሂግዋ የኢትዮጵያ ገበሬዎችን ይዘው አጥንተውት በ2015 አሳትመዋል። ብዙ ገበሬዎች የገበያ ወሬ ይፈልጋሉ፤ ለዚህ ብለው ስልክ የሚጠቀሙት ግን በጣም ጥቂት ናቸው። ምክንያቱ የስልክ እጦት ብቻ አይደለም። በስልክ የሚገኝ ለእነሱ የሚረባ መረጃ አለመኖሩ ነው። ታወር አለ፣ ቀፎ አለ፣ መስመሩ ማዶ ግን የሚያነሳ የለም። አጎትሽ በስልካቸው ለቅሶ ይሰማሉ፣ ሠርግ ይጠራሉ፣ ዘመድ ይጠይቃሉ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የምርት ገበያ ግን አይደለም።

አንድ ተቃራኒ ምሳሌ ልስጥሽ። በ2008 በዶክተር እሌኒ ገብረመድህን መሪነት የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ተከፈተ። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው በየከተማው የተሰቀለውን የዋጋ ሰሌዳና ዋጋ በስልክ የሚነግረውን አገልግሎት ነው። እኔ ግን ሥራውን የሠራው መጋዘኑ ነው ባይ ነኝ። ምርቱ መጋዘን ይገባል፣ ይመዘናል፣ ናሙና ተወስዶ ደረጃ ይወጣለታል። ከዚያ በኋላ ጅማ ያለው ቡናና አዲስ አበባ ያለው ገዢ በአንድ ቋንቋ ይነጋገራሉ። ክፍያውም በባንክ በኩል ቶሎ ይፈጸማል፣ ገዢው «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» አይልም። በ2017 የወጣ ጥናት መጋዘኖቹ በተከፈቱባቸው ገበያዎች መካከል የቡና ዋጋ ልዩነት መጥበቡን አሳይቷል። እንደዚያ ያለ ሚዛንና ደረጃ ሲኖር ነው ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር ትርጉም የሚኖረው። የምርት ገበያው ዋና ንግድ ግን ቡና፣ ሰሊጥና ቦሎቄ ነው። ጤፍ ዛሬም በአመዛኙ በነጋዴና በደላላ እጅ ነው። አጎትሽ ጋ ያልደረሰው ይህ ሚዛንና ደረጃ ነው እንጂ ኔትወርኩ ደርሷል።

ስልኩ አጎትሽን ጨርሶ አይጠቅምም ማለቴ ግን አይደለም። የሚጠቅማቸው ሌላ በር አለ፤ የገንዘብ በር።

ኬንያ በሞባይል ገንዘብ መላኪያ የሆነውን ኤምፔሳን የጀመረችው በመጋቢት 2007 ነው። ታቭኒት ሱሪና ዊሊያም ጃክ ዓመታት ሙሉ ተከታትለውት በ2016 ያወጡት ግምት 194,000 ቤተሰቦች ከከፋ ድህነት እንደወጡበት ይናገራል። ይህ ከኬንያ ቤተሰቦች 2 በመቶ ያህል ነው። 185,000 ሴቶች ደግሞ ዋና ሥራቸውን ከእርሻ ወደ ንግድ ቀይረዋል ይላል። እንዴት ቢባል፣ ነገሩ ያን ያህል የረቀቀ አይደለም። ሰው ይታመማል፣ ላም ይሞታል፣ ዝናብ ይቀራል። ኤምፔሳ የሌለው ቤተሰብ እንዲህ ያለ ዱብ ዕዳ ሲመጣበት ከሚበላው ይቀንሳል። ያለው ግን ናይሮቢ ያለው ልጁ፣ ሞምባሳ ያለችው እህቱ፣ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይልኩለትና ያልፈዋል። ያው የኛ ዕድርና ዕቁብ ማለት ነው፤ ርቀት አይገድበው እንጂ። ከብቱን በርካሽ የማይሸጥ፣ ልጁን ከትምህርት የማያስቀር ቤተሰብ ከዓመት ዓመት ከዜሮ አይጀምርም። የእኔ ሙያ ሰዎች «ዕድገት» የሚሉት ነገር ታች ሲወርድ ብዙ ጊዜ ይህን ይመስላል።

ኢትዮጵያ ለምን ዘገየች ካልሽኝ፣ በታወር እጦት ብቻ አይደለም። ስልክማ የገባው በምኒልክ ጊዜ ነው፤ የአዲስ አበባና ሐረር መስመር ሥራ የተጀመረው በ1894 ነው። ግን ቴሌኮሙ እስከ 2022 የአንድ የመንግሥት ድርጅት ብቻ ሆኖ ኖረ። በሞባይል ገንዘብ ማንቀሳቀስም እስከ 2020 የተፈቀደው ለባንኮችና ለማይክሮፋይናንሶች ብቻ ነበር። ባንኩ ፈቃድ አለው፣ ገጠር ግን አይደርስም። ቴሌ ገጠር ይደርሳል፣ ፈቃድ ግን የለውም። በመሀል 13 ዓመት አለፈ። ደንቡ በ2020 ሲቀየር ቴሌብር በግንቦት 2021 ተጀመረ፣ ዛሬ ከ50 ሚሊዮን በላይ ተመዝጋቢ አለው። ሳፋሪኮም ለፈቃድ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ በ2022 ሥራ ጀመረ፣ በ2023 ኤምፔሳን አመጣ። ታወሮቹ በአንድ ቀን አልበቀሉም። የተቀየረው አንድ መመሪያ ነበር። ዲጂታል መሠረተ ልማት ሲባል ሽቦና ብረት ብቻ የሚታየው ሰው ይህችን ያስታውስ።

ቴሌብር ላይ አንድ የምወደው ነገር ደግሞ ኮከብ 127 መሰላል መሆኑ ነው። ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ባለ ቁልፍ ቀፎ ይበቃል። ለአጎትሽ ከየትኛውም አፕ ይልቅ ይሄ ይቀርባቸዋል። ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ከ10 ሰው 6ቱ ገደማ የሞባይል ኢንተርኔት የሚደርስበት ቦታ እየኖረ አይጠቀምበትም። ኔትወርኩ ከራሱ በላይ ያልፋል፣ እሱ ግን የለበትም። ቀፎው ውድ ነው፣ ዳታው ውድ ነው፣ ማንበብ አይችልም፣ ወይም በቋንቋው ምንም የለም። መብራቱም አለ፤ ከኢትዮጵያ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ኤሌክትሪክ የለውም። ስልክ ቻርጅ ለማስደረግ ብር ከፍሎ ከተማ የሚልክ ሰው ቪዲዮ ያያል ብለሽ አትጠብቂ። ዋጋ ሲነካ ግን ለውጡ ፈጣን ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በነሐሴ 2018 የሞባይል ኢንተርኔት ታሪፉን ከ40 በመቶ በላይ ሲቀንስ ያየነው ነው።

የተመዝጋቢ ቁጥር ግን አያታልልሽ። 50 ሚሊዮን ተመዘገበ ማለት 50 ሚሊዮን ሰው በየቀኑ ይከፍልበታል ማለት አይደለም። ሱቅ ስትገቢ «ካሽ የለሽም?» የሚልሽ ባለሱቅ ቴክኖሎጂ ጠልቶ አይደለም። የተቀበላት ብር ሁሉ ተመዝግባ ግብር ሰብሳቢው ጋ ትደርስብኛለች ብሎ ነው። እሱን ለማሳመን ታወር አይበቃም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ በዘርፉ ያለን ሰዎች ቶሎ የምናልፈው ነው። ኔትወርክ የሚጠቅመው ሲኖር ነው። ቀልድ አይደለም። በ2020 ክረምት ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ጠፍቶ ነበር። ትግራይ በጦርነቱ ጊዜ ሁለት ዓመት ገደማ ተዘግታ ኖረች፣ ባንኩም ስልኩም አብሮ። አማራ ክልል ደግሞ በነሐሴ 2023 የሞባይል ኢንተርኔቱ ተቋርጦ ብዙ ወራት ቆየ፤ ይህን ለአንቺ ልነግርሽ አልነበረብኝም፣ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። የዕለቱን ኪሳራ በዶላር የሚያሰሉ አሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው። ዋሽንግተን ያለው ወንድም፣ ቤይሩት ወይም ሪያድ ያለችው እህት፣ መስመር በጠፋበት ሰሞን ብር የሚልኩበትን ሌላ መንገድ ያገኛሉ። በሰው በሰው፣ በጥቁር ገበያ። መስመሩ ሲመለስ እነሱ ላይመለሱ ይችላሉ። ነጋዴውም አንድ ጊዜ ሂሳቡ ውስጥ ያለ ብሩን ማውጣት ካቃተው፣ ቀጥሎ ብሩን ፍራሹ ሥር ነው የሚያስቀምጠው። አዲስ አበባ ነዳጅ ከ2023 ወዲህ በዲጂታል ክፍያ ብቻ ሆኗል። አሽከርካሪ ዘመድ ካለሽ «ሲስተም የለም» በተባለ ቀን ሰልፉ እስከ የት እንደሚደርስ ጠይቂው።

ጊዜውንም አትርሺ። ኢኮኖሚስቱ ሮበርት ሶሎው በ1987 የኮምፒውተር ዘመን በሁሉም ቦታ ይታያል፣ በምርታማነት አኃዝ ውስጥ ግን አይታይም ብሎ ነበር፤ ያውም ስለ አሜሪካ። ኤሌክትሪክ ራሱ ወደ አሜሪካ ፋብሪካዎች ከገባ በኋላ ጥቅሙ በደንብ እስኪታይ አርባ ዓመት ገደማ ፈጅቷል። ባለፋብሪካዎቹ መጀመሪያ ያደረጉት የእንፋሎቱን ሞተር አውጥተው በቦታው የኤሌክትሪክ ሞተር መትከል ብቻ ነበር። ፋብሪካው ራሱ እንደ አዲስ ሲቀየስ፣ እያንዳንዱ ማሽን የራሱ ሞተር ሲኖረው ነው ነገሩ የተለወጠው። እኛም ገና የእንፋሎቱን ሞተር በማውጣት ላይ ነን። ወረፋውን ትተን ቲኬት በስልክ እንቆርጣለን፤ ከዚያ ያንኑ ቲኬት አሳትመን ማህተም ለማስመታት እንሰለፋለን።

ለመመረቂያ ጽሑፍሽ ርዕስ ካልመረጥሽ፣ ቁጥሩን ለመምህርሽ ተዪለትና ለፋሲካ ደጀን ስትሄጂ ማስታወሻ ደብተር ያዢ። አጎትሽን ስለ ኢንተርኔት አትጠይቂያቸው። ባለፈው ጥር የሸጡትን ጤፍ ብቻ ጠይቂያቸው። ዋጋውን መጀመሪያ የነገራቸው ማነው? ሚዛኑ የማን ነበር? ማኛ ነው ሰርገኛ ብሎ የፈረደው ማነው? ለገዢው የቆየ ዕዳ ነበረባቸው? ብሩስ በእጃቸው የገባው በስንተኛው ቀን ነው? ከዚያ ጎረቤቶቻቸውን 30 ሰው ያህል ይህንኑ ጠይቂና በሠንጠረዥ አስቀምጪው። ሲያልቅ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።